ከላይ አይሸፈን

ሶዶ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ ወይዘሮ አገርነሽስ እንዴት ናቸው? ቦምቤ ላይ ዝናቡ ቆመ ወይስ እንደ ሶዶው እያለቃቀሰ ነው? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክ ስትደውዪ ዝም ስላልኩሽ እንዳትቀየሚኝ። አነሳዋለሁ፤ የምትዪውን ግን አልሰማም። ዕድሜዬን ጄኔሬተር አጠገብ ቆሜ ጨርሼ ጆሮዬን ከመንግሥት ንብረት ጋር ሳላስረክብ አልቀረሁም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው እንጻጻፍ። ሹፌሩ በድሉ ሚኒባሱን ይዞ በአረካ በኩል ስለሚመላለስ ከፖስታ ቤት ይሻላል። ያለፈውን ደብዳቤሽን የሙዝ ማዳበሪያ ሥር ጨፍልቆ ቢያመጣውም አንብቤዋለሁ።

ኮሌጅ ሳስተምርሽ ጥያቄ ታበዢ ነበር፤ አሁንም አልተውሽም፤ ደስ ብሎኛል። የቤተ ክርስቲያናችሁ ክሊኒክ የእርጉዞቹን የአልትራሳውንድ ምስል ሶዶ ላለው ሐኪም የሚልክበት ሰርቨር መግዛቱ፣ አንቺም የክፍሉ ኃላፊ መሆንሽ ትልቅ ነገር ነው። መሣሪያው የሚቀመጥበትን ካቢኔት፣ እናንተ ራክ የምትሉትን፣ እኔ እንድነድፈው መጠየቃችሁም አኩርቶኛል። ጡረታዬ ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር በስሜ ቆሞ ባይ አልጠላም። መሥሪያ ቤቴም ንድፉ ቦምቤ ላይ ከሠራ ለሌሎቹ የገጠር ክሊኒኮች በዚያው ይሠራል ብሎኛል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መሣሪያው የሚታሰርባቸው የሁለቱ ቋሚ ብረቶች ስፋት ዓለም የተስማማበት ልክ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ኢንች፤ እሱን ማንም አይነካውም። ጥልቀቱ ላይ ግን አትሰስቱ። ሰው የሰርቨሩን ርዝመት ይለካና ከኋላው የሚወጣውን ገመድ ይረሳል፤ በኋላ በሩ አልዘጋ ሲል በጉልበቱ ይገፋዋል። ባትሪው ከሁሉም ስለሚከብድ ከታች ይቀመጥ፤ ከላይ ከሆነ አንድ ሰው ተደግፎት ካቢኔቱን ይዞት ይወድቃል። ከመሬት ከፍ ያለ እግር አሠራለታለሁ፣ ወለል ስታጥቡ ባልዲውን እንዳለ እንደምትደፉት አውቃለሁና። ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ በብሩሽ ይደፈናል፤ አይጥ ሞቅ ያለ ቤት ትወዳለች።

በሩ ወንፊት ይሁን። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ማለቴ ነው። ሰርቨር ከፊቱ ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ በኋላው ሙቁን ያስወጣል፤ መውጫ ካጣ የራሱን ትንፋሽ መልሶ እየሳበ ይሞታል። ይህን ለኮሚቴያችሁ ሰብሳቢ ለአቶ ጦና አስረጂልኝ። ክፍሉ ስንት መስኮት እንዳለውና የሚያጸዳው ማን እንደሆነም ጻፊልኝ።

ወልደመስቀል

ቦምቤ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማከብርዎ ጋሼ ወልደመስቀል፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። እማዬ "ጉልበታቸውን ለጋ ቅቤ ይቀቡት፣ ጆሮውን ግን ጌታ ያውቃል" ብላለች። እኔ ደህና ነኝ። አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ የላኩልኝን ሁሉ ተቀብለውልኛል፣ በሩን ግን እምቢ አሉ።

በእርስዎ ቃል አስረዳኋቸው፣ እውነቴን ነው። አቶ ጦና ሰሙ፣ ሰሙና "ትህትና፣ ይኼ ወንፊት እኮ የዶሮ ቤት ነው የሚመስለው" አሉኝ። "ምእመናን አዋጥተው የገዙትን ዕቃ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። እኔ ሐዋሳ አንድ ባንክ ውስጥ አይቻለሁ፤ መስታወት ነው በሩ፤ መብራቱ በውስጡ ብልጭ ብልጭ ይላል።" ባንኩ አየር ማቀዝቀዣ እንዳለው ነገርኳቸው። "የኛ አገር አየር ራሱ ማቀዝቀዣ ነው" አሉና ሌሎቹም ሳቁ። በሩ መስታወት ሆነ ማለት ነው።

ስለ ክፍሉ ለጠየቁኝ፦ አንድ መስኮት አለው፣ እሱም ወደ ጠጠሩ መንገድ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይገባል። የሚያጸዳው ማን ነው ላሉት እማዬ ናት። የክሊኒኩ ጽዳት ሆና ስትቀጠር እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያለችን አንድ ክፍል ቤትም ከሥራዋ ጋር የተሰጠቻት ናት። "ልጄ የምትሠራበትን ክፍል ሌላ ሰው አይጠርገውም" ብላ ከአሁኑ ተናግራለች።

ትህትና

ሶዶ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትህትና፣

ይሁን። መስታወት ይሁንላቸው። በጉርምስናዬ ቢሆን ሚኒባስ ተሳፍሬ መጥቼ እከራከር ነበር፤ አሁን ክርክር ከመኪናው መንገጫገጭ የበለጠ ይደክመኛል።

በመስታወቱ ሥር አየር ማስገቢያ ሽንቁር አወጣለታለሁ። ሙቁ አየር በአናቱ ይወጣል፤ እዚያ ሁለት ማራገቢያ እገጥማለሁ። የጎኑን ላሜራ ድፍን ያደረግሁት ለአቧራው ብዬ ነው። ሙቀት መቼም ወደ ላይ ነው የሚሄደውና መንገዱን ከፍቼለታለሁ። አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ለበያጁም ይቀለዋል፣ ቶሎም ይደርሳል። ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ቅቤውን ተቀብቼ ቤቴ የወተት ላም በረት ሸቷል።

ወልደመስቀል

ቦምቤ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማከብርዎ ጋሼ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረስዎ። ካቢኔቱ ደረሰ! በድሉ ጣራ ላይ አስሮ፣ በየጉብታው እየቆመ እያየው ነው ያመጣው። ሲወርድ የክሊኒኩ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ጳጳስ እንኳ ቢሆን እንዲህ አይቀበሉትም ብዬ ሳቅሁ። አቶ ጦና በመስታወቱ ፊት ቆመው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ጸሎት ተደረገ። መብራቶቹ ሲበሩ አንዲት እርጉዝ "ይቺ ናት ልጄን ሶዶ የምትወስድልኝ?" ብላ ጠየቀችኝ።

እንዳሉት፣ ከታች ቀዝቃዛ አየር ሲገባ በእጄ ይሰማኛል፣ በአናቱም ሙቁ ይወጣል። የካቢኔቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። የክፍሉን ቁልፍ ለእማዬ ለጽዳት እሰጣታለሁ። ማታ ቤት ስንገባ "ዛሬስ እንዴት ዋለ?" ትለኛለች፣ ስለ ሰው እንደሚጠየቀው። እኔም "ደህና ዋለ" እላታለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ጋሼ፤ ይባረኩልኝ።

ትህትና

ሶዶ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትህትና፣

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሰርቨሩ ጠፍቶ አልነሳ ማለቱ፣ ዲስኮቹም አብረው መሄዳቸው በጣም አሳዝኖኛል። እርጉዞቹ እንደገና በዚያ መንገድ ሶዶ ድረስ መመላለሳቸውን ሳስብ ደግሞ ይብሳል። ትናንት ከመናኸሪያው ስመለስ አንዲቷ ወገቧን ይዛ ባጃጅ ስትጠብቅ አየሁ። የናንተ ትሁን የሌላ አላውቅም፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ለመፍረድ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ንድፉ የኔ ስለሆነ ነው። ማራገቢያዎቹ ይዞሩ ነበር? የታችኛው ማስገቢያ በአቧራ ተደፍኖ ነበር? መብራት ሄዶ በኃይል ተመልሶ ነበር? ከካቢኔቱ አናት ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር? ሳትቸኩዪ መልሺልኝ።

ወልደመስቀል

ቦምቤ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማከብርዎ ጋሼ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? ማራገቢያዎቹ ደህና ናቸው፤ አውጥቼ ባትሪ ላይ ሞከርኳቸው፣ ይዞራሉ። ማስገቢያው ንጹሕ ነው፤ እማዬ በየቀኑ ትጠርገዋለች። መብራት በዚያ ሳምንት አልሄደም፣ ለእኛም ገርሞናል። የአረካው መንገድ በዝናብ ስለተበላሸ በድሉ ሊዘገይ ይችላልና እንዳያስቡ። እማዬ ሰላም ብላለች።

ትህትና

ሶዶ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትህትና፣

አራት ጠይቄሽ ሦስቱን መለስሽ። የቀረውን ስለ መንገዱ በመጻፍ ልታሳልፊው ፈለግሽ። ፈተና ላይም እንዲህ ነበርሽ፤ የማታውቂውን ጥያቄ ስትዘዪው ጽሑፍሽ ያምር ነበር።

አቶ ጦና ጽፈውልኛል። ዘበኛው አመሻሽ ላይ ከዚያ ክፍል ነጭ ጨርቅ በብብትሽ ይዘሽ ስትወጪ አይቻለሁ ብሏል አሉ። ኮሚቴው ጨርቅ ይህን ማድረግ ይችል እንደሆነ የባለሙያ ሪፖርት ከኔ ይፈልጋል። ካቢኔቱን ጨርቅ ያለበሰው ሰው ከታወቀ ከሥራም ከግቢም ይወጣል ተብሎ ተወስኗል። እኔ የምጽፈው ቃል ሰው ቤት ውስጥ የሚገባ መሆኑን ሳውቅ ብዕሩ ከበደኝ። እባክሽ፣ ከዘበኛ ሳይሆን ከአንቺ ልስማው።

ወልደመስቀል

ቦምቤ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እማዬ ናት።

ይኸው ጻፍኩት። ስንት ወረቀት ቀድጄ ነው እዚህ የደረስኩት። ስላልነገርኩዎት በጌታ ስም ይቅር ይበሉኝ።

እዚህ ቤት ሁሉ እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ራዲዮኑ አለው፣ የውሃ ጀሪካኑ እንኳ አለው። ያልለበሰ ዕቃ ባለቤቱ የጠላው ዕቃ ነው። እማዬ ሰርቨሩ ከመጣ ጀምሮ "ራቁቱን አቁማችሁት" እያለች ትናደድ ነበር፤ እኔ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር። የሴቶች ኅብረት ጸሎት ላይ እየተቀመጠች ሠራችው፤ ነጭ ነው፣ ጠርዙ አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ የስሜ የመጀመሪያ ፊደል አለበት። እኔ ለሥልጠና አርባ ምንጭ በሄድኩበት ሳምንት መንገዱን መጠገን ጀመሩና አቧራው በመስኮት ጎረፈ። ስመለስ ልታስደስተኝ አለበሰችው። ዳንቴሉ ብቻ ቢሆን ቀዳዳ አለው፣ ያሳልፍ ነበር። ከሥሩ ግን የጠረጴዛ ላስቲክ አንጥፋበታለች፣ አቧራው እንዳይዘልቅ ብላ። በአራቱም ማዕዘን በክር አስራዋለች።

ከመኪና እንደወረድኩ ቤት ሳልገባ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። መስታወቱ እጄን አቃጠለኝ። ላስቲኩ ቀልጦ ማራገቢያዎቹ አፍ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ሁለቱም ከሥሩ ታፍነው ቆመዋል። ላጥኩት፣ ዳንቴሉን ጠቅልዬ ወጣሁ። ያኔ ነው ዘበኛው ያየኝ።

እሷ አታውቅም። መብራት የገደለው ነው የሚመስላት። ጨርቁስ ስትለኝ ለማጠብ ወስጄዋለሁ አልኳት፤ "ሳሙናው ጠንካራ እንዳይሆን፣ ክሩ ይሸበሸባል" አለችኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ነው ያለው፣ አንድ ጎኑ ቢጫ ሆኗል።

ይህ ቤት የሥራዋ ቤት ነው። ከዚህ ብትወጣ ወዴት ትሄዳለች? በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል? ደግሞ ቤቱ ይቅር፤ ማሽኑን የገደልሽው አንቺ ነሽ ቢሏት ትሞትብኛለች። ጋሼ፣ ማራገቢያው ከመጀመሪያው ብልሽት ነበረው ብለው ይጻፉልኝ። ወይም እኔ ነኝ ያለበስኩት ልበል። እሷ ብቻ አትስማ። ሌላ ነገር በሕይወቴ ለምኜዎት አላውቅም።

ትህትና

ሶዶ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትህትና፣

እንኳን ለትንሣኤ አደረሳችሁ። በበዓል ሳምንት መልስ ሳልሰጥሽ በመቅረቴ ይቅርታ፤ ምን እንደምመልስ ስላላወቅሁ ነው።

እኔ ነኝ እንዳትዪ። አንቺ ብትወጪ እናትሽ እዚያ ግቢ ውስጥ ለማን ብለው ይቀራሉ? ስለ ማራገቢያውም አልዋሽልሽም። ጻድቅ ሆኜ አይደለም፤ በሥራ ዘመኔ ብዙ የውሸት ሪፖርት አይቻለሁ፣ አንዳንዱን ጽፌዋለሁም። ግን ማራገቢያ ነው ካልኩ ነገ ሌላው ክሊኒክ ማራገቢያ ይለውጥና ከላይ ማልበሱን ይቀጥላል። ሌላ ሰርቨር ይሞታል፣ ሌላ ሴት ወገቧን ይዛ ሶዶ ትመጣለች።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ልንገርሽ። በናንተ ላይ፣ በጦና ላይ፣ በዳንቴሉ ላይ። ወረቀትሽን ይዤ ሳሎን ተቀመጥኩና ቀና ስል ቴሌቪዥኔ ለብሷል። ማቀዝቀዣው ለብሷል። የመብራት ማረጋጊያዋ፣ ለመተንፈስ ጀርባዋ ላይ ቀዳዳ የተሠራላት ዕቃ፣ እስከ አፍንጫዋ ለብሳለች። ባለቤቴ ወሰንየለሽ ናት የሠራቻቸው፤ የወላይታ ልጅ ነበረች፣ እናትሽ እንዳሉት ራቁቱን የቆመ ዕቃ ማየት አትወድም ነበር። እኔ ስለ አየር መውጫ እያስተማርኩ ስንት ዓመት ከዚህች ማረጋጊያ ጋር ኖሬ አላየኋትም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔን ነው። ከእሷ ላይ ላነሳው እጄን ዘረጋሁ፤ አልቻልኩም። ካረፈች ጀምሮ የነካሁት ነገር የለም። ተቀምጬ አለቀስኩ፣ በሽምግልናዬ።

ስለዚህ የምጽፈው ይኼ ነው። ጨርቅና ላስቲክ አናቱን ዘግቶታል፤ ይህን እጽፋለሁ፣ ማን እንዳለበሰው ግን አልጽፍም። ጥፋቱ የንድፉ ነው ብዬ እጽፋለሁ፣ እውነትም ነው። ከታች ውሃ እንደሚደፋበት ገምቼ እግር ሠራሁለት። ከላይ ጨርቅ እንደሚደረብበት ግን፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ፣ አልገመትኩም። አናቱን አዘቅዝቄው ቢሆን የሚደረብ ነገር አይቀመጥበትም ነበር። መውጫውን አንድ ብቻ ማድረግ አልነበረብኝም፤ ለመስታወቱም እምቢ ማለት ነበረብኝ። "ከላይ አይሸፈን" ብዬ በቀይ ቀለም ለመጻፍ እንኳ አልደከምኩም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

የሪፖርቱ ግልባጭ ለመሥሪያ ቤቴም ይሄዳል፤ ደንቡ ነው። ስለሱ አትጨነቂ፤ ጡረታ የሚወጣ ሽማግሌን ማን ይቆጣል?

ወልደመስቀል

ቦምቤ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማከብርዎ ጋሼ፣

እንዴት ነዎት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ መጻፍ ስለለመድኩ ነው እንጂ ደህና አይደለሁም።

ሪፖርትዎ ሐሙስ ዕለት ተነበበ። አቶ ጦና ራሳቸው ናቸው ያነበቡት። መስታወቱ የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከጨረሱ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው "እንግዲህ ኢንጂነሩ ጥፋቱ የኔ ነው ካሉ እኛ ማንን እንጠይቃለን?" አሉ። በልቤ ሃሌሉያ አልኩ።

እማዬ ሻይ ይዛ ገብታ ነበር። ትሪውን አስቀምጣ አልወጣችም። "ጨርቅ ያላችሁት የቱን ነው?" አለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "ነጭ ነው? ጠርዙ አረንጓዴ?" አለች። ለምስክርነት የተጠራው ዘበኛ ቀስ ብሎ "አዎ" አላት። እዚያው ቆማ እጇን በሽርጧ ጠረገችና እንዲህ አለች፦ "ይቺ ጨርቅ የኔ ናት። ላስቲኩም የኔ ነው። እኔ ነኝ ያለበስኩት። ሰውዬው ሶዶ ተቀምጦ እንዴት እኔ ነኝ ጥፋተኛ ይላል? እሱ መች አለበሰው?"

ኮሚቴው አንድ ጥፋተኛ ሲፈልግ ሁለት አገኘ። ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ አቶ ጦና "ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ መስታወት ያልኩት" አሉና ነገሩ ተዘጋ። እማዬ ከሥራዋም ከቤታችንም አትወጣም፤ ወደዚያ ክፍል ግን አትገባም ተባለ። "ጥሩ ነው" አለችና ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች። ለዚህ ለዚህማ እርስዎን እያመሰገንኩ መተኛት ነበረብኝ።

ቤት ስንገባ ስለ ማሽኑ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም። በወላይትኛ ነው ያለችኝ፤ እንደሚሆንልኝ ልጻፍልዎ። "ማሽን ይገዛል" አለች። "እኔ አንቺን ያሳደግሁት እንድትደብቂኝ ነው? ዘበኛው ያውቃል፣ ነርሶቹ ያውቃሉ፣ ሶዶ ያለ ሰው ያውቃል፤ እኔ ብቻ ሳላውቅ በመሐላቸው መጥረጊያ ይዤ ስመላለስ ዝም ብለሽ አየሽኝ። እርጉዞቹ መኪና ሲጠብቁ 'የመብራት ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል' እያልኩ አጽናናቸው ነበር እኮ። በኔ መሆኑን ባውቅ ይቅርታ እላቸው ነበር። ይቅርታዬን ቀማሽኝ።"

ጋሼ፣ እኔ ከሐዘን የምጠብቃት መስሎኝ ነበር። እንዳይከፋት ብዬ ነው፣ ሌላ ምን ብዬ ነው? በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ ማለዳ ወጣች። በኋላ ነው የሰማሁት፤ የእርጉዞቹን ቤት እየዞረች "እኔ ነኝ" ስትል ነው የዋለችው። አንዳንዷ አቅፋታለች፣ አንዳንዷ በር ላይ አቁማታለች። እኔን ከ"ብዪ" እና ከ"ተኚ" በቀር አታናግረኝም።

እርስዎስ? መሥሪያ ቤትዎ ምን አለ? የሌሎቹ ክሊኒኮች ንድፍስ?

ትህትና

ሶዶ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትህትና፣

መልሴ ዘግይቷል፣ ይቅርታ። አንዴ ጽፌልሽ ነበር። ሁሉም ሰላም ነው፣ ንድፉም ጸድቋል የሚል ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ ቀልድም ነበረበት። በድሉ ሊወስደው ደጄ ላይ ክላክስ እያሰማ ሳለ የእናትሽ ነገር ትዝ አለኝ። ለበድሉ "ዛሬ የለኝም" አልኩትና ቀደድኩት።

እውነቱ ይኼ ነው። ንድፉ ተጥሏል። ነዳፊው ራሱ ጥፋተኛ ነኝ ባለበት ንድፍ ሕዝብ አይገለገልም ተባለ፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ? አስተካክዬ ያቀረብኩትንም፣ አናቱ ዘቅዛቃ፣ በሩ ወንፊት የሆነውን፣ የከፈተው ያለ አይመስለኝም። ለሌሎቹ ክሊኒኮች ከውጭ የመጣ ካቢኔት ሊገዛ ነው። ሥዕሉን አሳይተውኛል፤ በሩ መስታወት ነው፣ አናቱም ጠፍጣፋ። ማስጠንቀቂያ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ አንድ ጸሐፊ ተቀብላ ማኅተም አደረገችበት። ባለፈው ሳምንት ሸኙኝ። ስለ ቅንነቴ ብዙ ተባለ፣ ስለ ሥራዬ ግን ማንም ምንም አላለም።

አልጸጸትም ብልሽ ውሸት ነው። በስሜ የሚቆም አንድ ነገር እፈልግ ነበር። ሪፖርቱን እንደገና ጻፍ ብባል ያንኑ እጽፋለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ አይደለም፣ እየከፋኝ ነው። ደክሞኛል ልጄ። ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት የለም፣ እግሬ ግን ወደ ቢሮው መንገድ ይወስደኛል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የማስታውሰው።

ለእናንተው ካቢኔት አዲስ አናትና ወንፊት በር አሠርቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በበድሉ ልኬያለሁ። ምእመናን ለአዲስ ሰርቨር እያዋጡ ነው ብለው አቶ ጦና ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ። የዶሮ ቤት ይመስላል ያሉ እንደሆነ እንቁላል ላኩልኝ በያቸው። አዲሱ ሰርቨር ሲመጣ ከመከፈቱ በፊት ገመዶቹን ከኋላ በደንብ እሰሪያቸው፣ የአየሩን መንገድ እንዳይዘጉ።

ይህን ስጽፍ እናትሽን አስቤያለሁ። ንድፌ የተጣለው በሳቸው ጨርቅ የተነሳ መስሎ ይሰማቸዋል፤ ይከብዳቸዋል። አንቺም ደብዳቤውን አጣጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ትከቺና "ጋሼ ሰላም ብለውሻል" ብለሽ ልታልፊው ታስቢያለሽ። አውቅሻለሁ፤ እኔም ያንን ላደርግ ነበር። ይክበዳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከባድ ነገር መሸከም ካንቺም ከኔም ይበልጥ ያውቁበታል። ማልቀስ ካማራቸው ያልቅሱ፣ ሊቆጡኝ ከፈለጉም ይቆጡኝ። አጠገባቸው ቁጭ በይና ከሰላምታው ጀምረሽ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው።

ወልደመስቀል